ልጄ ፖላንድ የወደቀ ዕለት

ፍሬን የሌለው ሞተር ብስክሌት መኖሩን ያወቅሁት የገዛ ልጄ ላዩ ላይ ተቀምጦ ካየሁት በኋላ ነው። አራት ሆነው በአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማውን ሆን ብለው ያንሸራትቱታል። ስፒድዌይ ይሉታል። ሌላው ሐበሻ ልጁን ኳስ ያስጫውታል፣ ፒያኖ ያስተምራል። የኔው ባል ግን በልጅነቱ ሞተር አምሮት የቀረ ሰው ነውና ልጁን እየጫነ ከሰፈራችን ከኤድመንተን ራቅ ወዳለ ሜዳ ይዞት ይሄዳል። ስቆጣ፣ «አንቺ ደረጃ ስትወርጂም ትፈሪያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እፈራለሁ።

አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። ውድድር ባለ ቁጥር ቤት ተቀምጬ ስልኬን እጠብቃለሁ። ደግነቱ ሰው አላጣም። በጋብቻችን ሽማግሌ የነበሩት ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ፣ ከኛ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬደው በሆሎዌይ ሰፈር ይኖራሉ፤ አንዴ እሳቸው፣ አንዴ ባለቤታቸው ብቅ ይሉልኛል። ምስር ወጥ በዝቶብኝ ነው፣ በዚህ ሳልፍ ዝናብ ይዞኝ ነው ይላሉ። ስናወራ ውድድሩ ያልቃል።

ስልኩንም ቢሆን አላምነውም። አባቴ አዲስ አበባ ሲሞት እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ በጠየቅሁ ቁጥር «ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው» ሲሉኝ ከረሙ፤ እሱ ግን ተቀብሯል። ከዚያ አንድ እሑድ ማለዳ በሩ ተደወለ። ስከፍት ከፊት የቆሙት ጋሼ ነበሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በእግሩ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነው» ሲሉኝ ሞተ ማለታቸው ይመስለኛል።

ባለፈው ሰመር ልጄ ለወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አለፈ። ሃያ አንድ ዓመት ያላለፋቸው የሚወዳደሩበት ነው፤ የኔው ገና ሃያው ነው። አባትና ልጅ ፖላንድ ሄዱ። ይህን እንኳ ካላየሁ ምኑን እናት ሆንኩ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። በአንድ ቀን ደጋግመው ነው የሚወዳደሩት፤ የመጀመሪያውን ውድድሩን በጣቶቼ መሃል አየሁ፤ በሰላም ጨረሰ። በሁለተኛው፣ ገና መታጠፊያው ላይ፣ አንዱ ከጎን ገባበት። ልጄ ከአጥሩ ጋር ተላተመ፤ ሞተሩ ተገልብጦ ላዩ ላይ ሲወድቅ ምስሉ ቀጥ አለ።

ባሌ ጋ ደወልኩ፤ አያነሣም። ደጋግሜ ደወልኩ። በስንት ጊዜው አነሣና፣ «ደህና ነው፤ ትንሽ ወድቆ ነው» አለኝ።

«እሱን ስጠኝ።»

«ሐኪሞቹ ጋ ነው። ደህና ነው አልኩሽ እኮ።» ድምፁ የሱ አልነበረም። ዘጋው።

ወዲያው በሩ ተደወለ። በመስኮት ሳይ ጋሼና እትዬ ናቸው። በውድድር ቀን ሁለቱም አንድ ላይ መጥተው አያውቁም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ካልከፈትኩ አልሞተም ብዬ አሰብኩ፤ የምሬን ነው ያሰብኩት። በበሩ የፖስታ ቀዳዳ፣ «ሂዱልኝ፤ አልሰማም» አልኳቸው።

ጋሼ ጎንበስ አሉ። «ክፈቺ ልጄ፤ ልጁ ደህና ነው።»

«ያን ጊዜም አባትሽ ደህና ነው ብለውኝ ነበር እርስዎ።»

ስልካቸውን አወጡ። ባሌ ጋ ሲደውሉ፣ ከዚያ ልጁን አገናኘን እያሉ በሹክሹክታ ሲለምኑት ይሰማኛል። ቆይተው ስልካቸውን በቀዳዳው አሾለኩልኝ።

«እማ፣ ኮላርቦኔ ተሰብሯል፣ ትከሻዬ ጋ ያለው አጥንት። እሱ ነው የገባብኝ፣ ሬፈሪው ግን እኔን ዲስኳሊፋይ አድርጎ አስወጣኝ። ኢትስ ኖት ፌር።»

ተናዷል። የሞተ ሰው ዳኛ አይረግምም። እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ እንጂ። ገና አንድ ዓመት አለኝ፤ ኔክስት ዪር እመለሳለሁ» አለኝ።

በሩን ከፈትኩላቸው። ሻይ አፍልቼ ትንፋሼ ሲመለስ ነው ነገሩ የከነከነኝ። «ከሆሎዌይ እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረሳችሁ?»

እትዬ ባላቸውን አዩ። «ማዶ ካፌው ውስጥ ነበርን። ባልሽ ውድድር በደረሰ ቁጥር ይደውልልናል፤ ምናልባት አንድ ነገር ቢሆን ብቻዋን አትሁን ብሎ። ዛሬ ፍጻሜ ነውና ሁለታችሁም ሁኑ አለን። ሁለታችንን ስታዪ ትደነግጫለሽ ብለን ነው ካፌ የተቀመጥነው፤ ልጁ ሲወድቅ ነው ደውሎ ሂዱላት ያለን።»

ምስሩም ዝናቡም ውሸት ነበር። በፍርሃቴ የሚስቅብኝ ሰውዬ በየውድድሩ መርዶ ነጋሪ ደጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር የሚሄደው። ልናደድበት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። እሱም እንደኔ በፍርሃት ሲሞት ነው የኖረው።

ሊሄዱ ሲነሡ ለእትዬ ጋቢያቸውን አቀበልኳቸው። «ለከርሞ ካፌ አትቀመጡ» አልኳቸው። «ሁለታችሁም ከጠዋት ጀምራችሁ እዚህ ሁኑልኝ። ያ በር ሲደወል መስማት አልችልም።»