በአንድ ዲሽ ስምንት ተመልካች

ነገሩ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ያኔ አሶሳ ውስጥ የአንድ መንፈሳዊ ቴሌቪዥን በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። ዛሬም ጣሪያ ላይ ዲሽ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ሥራዬ ተመልካች መቁጠር ነበር። የማንንም ቤት አናንኳኳም። በየሰፈሩ እየዞርን ዲሽ ያለበትን ጣሪያ እንቆጥርና አንዱን ዲሽ በስምንት ሰው እናባዛለን። ጎረቤታችን የሆነችውን የባምባሲን ከተማ ብቻዬን በሁለት ቀን ጨረስኳት። ኋላ በስርጭት ላይ «ክልሉ በሙሉ ይከታተለናል» ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ፤ ምን እዋሻለሁ።

እናቴ በእርጅና የተነሳ መርሳት ጀምራ ነበር። አንድ ጠዋት ስሜን ጠርታ፣ መርቃኝ ከቤት እንደወጣች ቀረች። አሶሳን አዳርሼ ሳጣት ለፖሊስ አመለከትኩና ፎቶዋን ይዤ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው አስተባባሪ ሮጥኩ።

«አይዞህ፣ እኛን የማያይ ማን አለ?» አለኝ።

ማስታወቂያው ጠዋትና ማታ ተላለፈ። እኔ ስልኬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ራሴ ያባዛሁትን የተመልካች ቁጥር አምኜ፤ ሞኙ እኔ።

ስልኩ የጠራው በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ባምባሲ ገበያ የወረደች ጎረቤታችን እናቴን በዓይኗ አይታት ኖሯል።

ባምባሲ ስደርስ፣ እናቴን ያስጠጓት አንድ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው። ከአሶሳ ከመጣ መኪና ወርዳ መንገድ ላይ ግራ ገብቷት አግኝተው፣ ቤታቸው ወስደው እንደ እናት ይዘዋታል።

«ልጄ፣ በየገበያው ጠየቅን። የሚፈልጋት ሰው የለም ብለን ነበር» አሉኝ።

አፈርኩ። ቀና ስል ጣሪያቸው ላይ ዲሽ አለ፤ ራሴ የቆጠርኩት። ስለ ጣቢያችን ብጠይቃቸው ስሙንም ሰምተው አያውቁም። በቤታቸው የሚከፈተው የዓረብኛ ጣቢያ ነው።

እናቴ ግን ዓይኔን እያየች አላወቀችኝም።

በማግስቱ አስተባባሪውን «ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ይስተካከል» አልኩት።

«ዲሽ ያለው ሰው አንድ ቀን መክፈቱ አይቀርም» አለኝ። «ይልቅ እናትህ ተገኝተዋል፤ ና በስርጭታችን ተገኙ ብለህ ምስክርነት ስጥ።»

ጥዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፍኩም።

እናቴ አሁን አጠገቤ ናት። ሳጎርሳት «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ትለኛለች፤ ስሜን ከዚያች ጠዋት ወዲህ ጠርታው አታውቅም። ጣቢያው ዛሬም ያንኑ ቁጥር ይናገራል። እኒያ ደግ ሽማግሌም ከነቤተሰባቸው ስምንት ሆነው አሉበት። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።