በር ያጠራት መኪና

መቼም እንደ ጋሽ ብሎን ሞተር የሚያውቅ አልተፈጠረም። አንዴ እንዲያውም በረሃ መሀል በሽቦ ብቻ... እሱን እንተወው። ሚስቱን መንገድ በሌለበት ገጠር ወዳለችው እህቷ ሊወስዳት ቃል ገብቶ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት አሮጌ መኪናውን ግቢው ውስጥ ፈታትቶ አደሳት። ድንጋይ እንዳይነካት፣ ጭነት ሲበዛ የሚረግበውን ባሌስትራዋን ከፍ አድርጎ ትልልቅ ጎማ ገጠመላት። የጉዞው ቀን ጣሪያዋ ከግቢው በር አግዳሚ ብረት ጋር ተላተመ።

«በሩን ሳትለካ ነው እንዲህ የቆለልካት?» አለች ሚስቱ ሻንጣዋን እንደያዘች።

«በሩ ነው ያጠረው።»

ጎማውን አስተነፈሰ፤ ወይ ፍንክች። ንድድ ብሎት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ጫነባት። ይሄኔ ዝቅ ብላ፣ ቀለሟን እያስላጠች ወጣች።

ጎረቤቶቹ ወርደው፣ እሱ እያጉረመረመ ጎማውን መልሶ ሲነፋ ሚስቱ «ስንመለስስ?» አለችው። «እህቴን ከነልጆቿ ልንጭን ነው?»

«ልጆቿ ወፍራም ናቸው?»