ሳይጨረስ የቀረው የዝውውር ደብዳቤዬ

በመሥሪያ ቤታችን የማንም ሰው ደብዳቤ በእኔ ጣት ነው የሚያልፈው። ሹመቱንም ቅጣቱንም የዓመት ፈቃዱንም ስተይብ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ዐይኔን ሳያይ ሲወጣ፣ ደግሞ የማን ተራ ይሆን ብዬ አነሣሁት። የራሴ ነበር። ከጸሐፊነት ተነሥቼ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር ይላል፤ ምክንያቱ የኮምፒውተር ችሎታ ማነስ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያች ማክሰኞ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ደብዳቤ ሁሉ በአዲሱ ሲስተም ይጻፍ ከተባለ ወዲህ ነው። ለላንቴ ቀበሌ ስለ ሙዝ ችግኝ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ልጨርስ ስል፣ ስክሪኑ መሐል በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ብቅ ይላል። ሁለት ቃል ሳላነብ ይጠፋል፤ ደብዳቤዬንም ይዞት ይሄዳል። የኮምፒውተር ባለሙያችንን እጠራለሁ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ወጣት ነው። ላፕቶፑን ዘግቶ ከፎቅ ይወርድና ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይሞክረዋል። እሱ ሲሞክረው ይሠራል።

“እናቴ፣ ኮምፒውተሩ ምንም የለበትም። ሳያውቁት የሆነ ነገር ነክተው ነው” ይለኛል። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ፎቅ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ መልእክቱም ይመለሳል።

እኔ ደግሞ ያየሁትን አላየሽም ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ጋሞኛዬን ብቻ ይዤ ከጨንቻ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ አማርኛን የለመድኩት በታይፕራይተር የሰው ደብዳቤ ስገለብጥ ነው። ያንን የቻልኩ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል መልእክት ልታሸንፈኝ ነው እንዴ ብዬ፣ አንድ ጠዋት የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ከላይ በቀኝ በኩል “ፕሪንት ስክሪን” የምትል አገኘሁ። ስክሪኑን የምታትም መስሎኝ ተጫንኳትና ፕሪንተሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ወረቀት አይወጣም። ተመልሼ ደግሜ ተጫንኩ፤ ደግሜም ሄጄ ቆምኩ። ያን ጊዜ ኃላፊው ቢያየኝ ኖሮ ረቂቁን በዚያው ቀን ይጽፈው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የላንቴውን ደብዳቤ እንደገና ስጽፍ፣ ኮፒ ያደረግሁት የመሰለኝን አድራሻ ፔስት አልኩ። አድራሻው የለም። በምትኩ የጠዋቱ ስክሪን ሙሉውን፣ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ሳትቀር፣ በፎቶ መልክ ደብዳቤው መሐል ዘፍ አለ። ለካ ቁልፏ አታትምም፤ ስክሪኑን እንዳለ ፎቶ አንሥታ ትይዘዋለች፣ ባዶ ገጽ ላይ ፔስት ካሏት ታወጣዋለች። ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ መልእክቱን አድብቶ መያዝ ሆነ ሥራዬ። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ፤ ጣቴ እስኪደርስ እሱ ሄዷል። ያችን ማክሰኞም የራሴን የዝውውር ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ልማድ ነውና ሰርዝ ድልዝ ሳይኖረው ጻፍኩት። “የኮምፒውተር ችሎታ ማነስ” የሚለው ላይ ስደርስ መልእክቱ ብቅ አለ። ከእኔ በፊት ጣቴ ቁልፏን አገኘቻት።

ደብዳቤው እንደ ወትሮው ጠፋ። ባዶ ገጽ ከፍቼ ፔስት አልኩ። መልእክቱ ወጣ፤ አሁን ግን የትም አይሄድም። መዝገበ ቃላቴን ጎኔ አስቀምጬ ተረጋግቼ አነበብኩት። አካውንትዎ በኮምፒውተር ቁጥር አሥራ አራት ላይ ስለተከፈተ እዚህ ይዘጋል ይላል። የንብረት ዝርዝሩንም የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። አሥራ አራት የባለሙያው ላፕቶፕ ነው። የይለፍ ቃሌን የሰጠኝ እሱ ስለሆነ ያውቀዋል፤ ፎቅ ላይ አካውንቴን ሲከፍት እኔ ታች እባረራለሁ፤ ስጠራው ላፕቶፑን ዘግቶ ስለሚወርድ ሁሉም ነገር ይሠራል።

ገጹን አተምኩት፤ ፕሪንተሩ በዚህኛው ጊዜ አልካደኝም። ከረቂቁ ጋር ይዤው ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ባለሙያው እንዲጠራልኝ ለመንኩ። ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መጣ። ወረቀቱን አየ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየ፣ ጆሮው ቀላ።

“ሲስተሙን ለመከታተል ብዬ ነበር የምከፍተው። እርስዎን ያስወጣል ብዬ አላሰብኩም” አለኝ። ቀጥሎም ወደ ኃላፊው ዞሮ፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ። ሳያድበሰብስ በመናገሩ አከበርኩት።

ኃላፊው ግን መልእክቱን ትቶ ከመልእክቱ ጀርባ ያለውን ነበር የሚያነበው። የእሱ የራሱ ቃላት ናቸው፤ ስሜ፣ መዝገብ ቤቱ፣ የችሎታዬ ማነስ፣ ከዚያ በላያቸው ላይ የተዘረጋው የባለሙያው ኮምፒውተር ቁጥር።

“ደብዳቤውን ልጨርሰው?” አልኩት።

“ተይው፣ እትዬ” አለኝ። ረቂቁን ከእጄ ተቀብሎ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ደስታዬን አልደብቅም። የዚያን ቀን ባጃጅ አልያዝኩም፤ ደስታው ቶሎ እንዳያልቅብኝ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ እስከ ታችኛው ሲቀላ በእግሬ ወረድኩ። አሁን ሠራተኞች ኮምፒውተራችን እንዲህ አለን ብለው ሲጠሩት ባለሙያው፣ “መጀመሪያ እናታችን ጋ ሂዱና ፎቶ ማንሣት ተማሩ” ይላቸዋል። ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ፕሪንተሩ ጋ ሄዳችሁ እንዳትቆሙ ብዬ እጀምርላቸዋለሁ።

ያችን ያተምኳትን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ ጀምሬ ሳልጨርስ የተውኩት ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም “ማነስ” የሚለው ቃል ላይ እንደቆመ አለ።