ገመና ሸፋኙ ደመቀ

ሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር፣ ስልኩ የተበላሸበት ሀበሻ ሁሉ የሚሄደው ደመቀ ዘንድ ነው። ሱቁ የሱ አይደለም፣ የከፊሉ፣ ማለት ዋስ ሆኖ ያስገባው ሳዑዲ ነው። በአንድ ሻይ ቤትና በአንድ ልብስ ሰፊ መሀል የተጨመቀች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ደመቀ ከባንኮኒው ጀርባ ቁጭ እንዳለ ይውላል እንጂ ብዙም አይነሳም። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ረግጦ ነው ያጣው፤ ለጠየቀው ሁሉ ግን «መኪና ነው» ይላል። እዚህ ሪያድ ያለው ሀበሻ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፣ ማን በየትኛው ወገን ወንድሙን እንደቀበረ አይታወቅም። ወታደር ነበርኩ ማለት የሚያኮራበት ዘመን አለ፣ የሚያሳፍርበትም ዘመን አለ። የደመቀ ዕጣ ከኋለኛው ወደቀ።

ሰው የሚወደው ለእጁ ሙያ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምስጢር ስለሚይዝ ነው። ስልክ ምን የማይዘው ጉድ አለ ብላችሁ ነው! አንዷ ከማዳሟ ተደብቃ የምትደውልለት አላት፣ አንዱ አገር ቤት ያለችው ሚስቱ እንድታየው የማይፈልገው ፎቶ አለው። ደመቀ አይቶ አላየሁም ይላል። «ፎርማት አድርግልኝ» ያሉትን ድምጥማጡን ያጠፋል፣ ለማንም አይተነፍስም። በዚህ «ገመና ሸፋኙ» የሚል ስም ወጣለት። የሰው ገመና የሸፈነ የሱንም እግዜር ይሸፍንለታል ይባል የለ? ደመቀ ስሙን ወደደው። ኋላ ያቃጠለው ግን ይኸው ስም ነው።

ከዕለታት ባንዱ አብዱልወሀብ የሚባል የደሴ ሰው ወደ ሱቁ መጣ። ከተበላሸ ኮምፒውተር የጠፋ ነገር ፈልፍሎ ማውጣት ነው እንጀራው። ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለምኖ አግኝቷል፤ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን እየፈለገ እዚያ ይሰበስባል። በስልክ ልጆችን እያባበሉ፣ ቀጥሎም እያስፈራሩ መጫወቻ የሚያደርጓቸውን ሰዎች ዱካ ጠብቆ ለሕግ ማስረከብ ነው የሚያስተምራቸው። ሰው «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ቁስለኛ የምትለቅመው?» እያለ ሳቀበት። እሱ ግን ቁስለኛ ለረጅም ሰዓት ቁጭ ማለት ያውቅበታል፣ ክፉ ነገር አይቶም አይበረግግም፣ ለሰው የሚበጅ ሥራ ካገኘ ደግሞ ነፍሱ ትመለስለታለች ባይ ነው። የደመቀን እግር አይቶ «መኪና ነው» ማለቱን አላመነውምና ና አለው፤ ደመቀ እያመነታ ሄደ። እዚያ አንድ ዓይኑን ያጣው ኢብሮ አለ፣ እጁ የተቃጠለው ሀይደር አለ፣ ሌሎችም አሉ። ኢብሮ ቀልደኛ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «ኡስታዝ፣ የጠፋ ነገር የምታወጣ ከሆነ ከኔ ዓይን ጀምርልኝ» አለው አሉ።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ሕግ «አትንካ» ነው። ስልኩን በርቶ ካገኘኸው እንደበራ፣ ጠፍቶ ካገኘኸው እንደጠፋ ተወው። ከሩቅ ሆኖ ሊያጠፋው የሚሞክር አይጠፋምና ሲግናል እንዳይገባው በኩሽና ፎይል ጠቅልለው። መልእክቱን አትጎርጉር፣ ፎቶውን አትክፈት፤ ከልጁ ወላጅ ጋር ሆነህ ወደ ሹርጣ፣ ፖሊስ ዘንድ፣ ውሰደው። ባለሙያ እንኳ ሲመረምር በቅጂው ላይ ነው እንጂ ዋናው አይነካም። አብዱልወሀብ ይህን ሁሉ የሚያስረዳቸው ፈንጂው ባልጸዳ መሬት እየመሰለ ነበር፤ እግርህን የምታሳርፍበትን ሳታውቅ አትርገጥ ይላቸዋል። ይህ ለደመቀ ማብራሪያ አያሻውም። ከሁሉ ቀድሞ ገባው፣ ለልምምድ በሚሰጧቸው ስልኮችም ከሁሉ በለጠ። ደግሞ እግሩን የማይደብቅበት ቦታ አገኘ። ሰው ሠራሹን እግር ፈትቶ ወንበሩ ሥር ሲያስቀምጥ ኢብሮ «ጫማህን ከነባለቤቱ አወለቅከው» ይለዋል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ ደመቀም ይስቃል። ከዓርብ እስከ ዓርብ ያለው ሳምንት ይረዝምበት ጀመር።

እመቤት የመጣችው ትምህርቱ ተጋምሶ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም ነው። ባሏ በተርሂል ተይዞ ወደ አገር ቤት ከተባረረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ እሷ የሴቶች ፀጉር ቤት እያጸዳች ልጇን ቤዛን ለብቻዋ ታሳድጋለች። ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ የልጅቷን ስልክ በፊቱ ደፍታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችው። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው የሚኒባስ ሾፌር ነው። የኛው ሰው ነው፣ ስሙን አፌ ላይ አላደርገውም አለች። መጀመሪያ በጣፋጭ ቃል አባበላት፣ ቀጥሎ ፎቶ ላኪ አላት፣ ቀጥሎ ለእናትሽ እነግራለሁ እያለ ያስፈራራት ጀመር። ቤዛ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ደመቀ ስልኩን አንስቶ የሰውየውን ጥቂት መስመሮች አየ። ፎይሉ መሳቢያው ውስጥ አለ። እህቴ፣ ይሄ እንዳይጠፋ፣ አብዱልወሀብ የሚባል ሰው አለ፣ አብረን እንሂድ አላት። እመቤት እጁን ለቀም አደረገችው።

«ደሜ ወንድሜ፣ ልጄ ነገ ሰው ፊት ትቆማለች፣ ታገባለች። ይሄ ሹርጣ እጅ ከገባ ሀበሻው ሁሉ ሲያወራው ይኖራል። አንተ ገመና ሸፋኝ አይደለህ? በእመቤታችን፣ ሸፍንልኝ» አለችው።

ይሉኝታ ያዘው። ቀና ብሎ እንኳ ሊያያት አልቻለም። እምቢ ቢላት የልጅቷን ነውር ማየት የፈለገ እንዳይመስልባትም ፈራ። ፈንጂ ያልገደለው ሰው ይሉኝታ ገደለው! እጁ ለምዶታልና ሳያስበው እዚያች የለመዳት ቦታ ደረሰ፤ ሁሉን ደምስሶ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያደርገውን ተጫነ። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ እንኳን ደህና መጡ አላቸው። ልጅቷን ከሚኒባሱ አውጫት፣ በሌላ መኪና ትሂድ፣ ኸላስ፣ ይሄ ነገር እዚህ ይቀበር አላት። እመቤት ትከሻውን ስማ፣ መርቃው ወጣች።

ጉዱ ይሄ ነው፤ ደመቀ የዚያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ። ጽድቅ የሠራ መሰለው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ጅቡ የገባበትን ዱካ ጠርጎለት በሩን ክፍት ተወለት። ሚኒባሱ የሌሎችን ልጆች ጭኖ በሱቁ ፊት ያልፋል፤ ደመቀ ሲያየው አንገቱን ደፍቶ ካቻቢቴውን ያዞራል። ዓርብ ሲሆን ሙረባዕ ይሄዳል፣ «አትንካ» የሚለውን ከሌሎቹ ጋር ይደግማል። ሲመሰገን ግን ምስጋናው እንደ ቀድሞው አይጥመውም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባንዱ ዓርብ አብዱልወሀብ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ሳሊሃ የምትባል እናት የሚኒባሱን ሾፌር ለሹርጣ ከሳዋለች። ሰውየው ተይዟል፣ ነገር ግን ስልኩን ቀይሮ ኖሮ እጁ ላይ ምንም አልተገኘም። የሳሊሃ ልጅ ስልክ ላይ ያለውም የማባበሉ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ እንደ ልጄ አይቼ ነው የጻፍኩላት ብሎ ክዷል። ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ እሑድ ይለቀቃል። ስለዚህ ይህ ሰው ሌላ ልጅ ላይ ደርሶ እንደሆነ የሰማ ካለ ይንገረኝ አለ።

ደመቀ እግሩ ወንበሩ ሥር ነው፤ ተነስቶ መውጣት እንኳ አይችልም። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም፣ እመቤት እንደሆን አትናገር። ዝም ቢል የኢብሮ ሳቅም፣ የኡስታዙ ምስጋናም፣ ስሙም አይቀርበትም። እሑድ ግን ሚኒባሱ ልጆች ጭኖ በሱቁ ፊት ሊያልፍ ነው።

«ማስረጃ ነበረ» አለ ደመቀ። «እጄ ገብቶ ነበር። እኔ አጠፋሁት።»

አብዱልወሀብ ምናልባት የሚመለስ ነገር ይኖር እንደሆን ብሎ እንዴት እንዳጠፋው ጠየቀው። ደመቀ «ፎርማት» አለ። የዚያ ዓይነት ስልክ አንዴ ከተደመሰሰ መክፈቻው አብሮ እንደሚጠፋ፣ ማንም ፈልፍሎ እንደማያወጣው ሁሉም ተምረዋል። መቼ ነው አለው። ደመቀ በጾሙ አለ። በጾሙ ማለት «አትንካ» የሚለውን ሲያስተጋቡ ከርመው ማለት ነው። አብዱልወሀብ አልሰደበውም፣ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ እንጂ። ስድብ በስንት ጣዕሙ። የማይቀልድበት ነገር የሌለው ኢብሮ ነው አፉን የከፈተው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ በሽተኛውን መስሎኝ ነበር፤ ሐኪሙ ሲደብቅ ግን ዛሬ አየሁ» አለ። ቀልድ አልነበረበትም። ደመቀ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጎንበስ ብሎ እግሩን አሰረ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እመቤት ቤት ሄደ። አንዲት ክፍል ናት፣ አልጋውን ከመቀመጫው የሚለየው መጋረጃ ነው። ነገሩን ሲነግራት እመቤት ፊቷ ተለዋወጠ። አደራ ብዬህ አልነበረም ወይ፣ ደግሞ ብለህ ብለህ ልጄን ለምስክርነት ልትጠራት መጣህ ወይ ብላ አፋጠጠችው፤ ገመናዬን ሸፍነህ መልሰህ ልትገልጠው ነው አለችው።

«እህቴ፣ እኔ የሸፈንኩት የልጅሽን ገመና አይደለም» አላት ደመቀ። «የሱን ነው።»

እመቤት መልስ ከመስጠቷ በፊት መጋረጃው ተገለጠና ቤዛ ወጣች። እዚያው ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል። ደመቀን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሌላም ልጅ አለች?» አለች። ደመቀ አለች አላት። «ስልኩን ያጠፋኸው በኔ አፍረህ ነው?» አለችው።

የለም ቢላት ይዋሻል። አፍሮ ነዋ! ሊያያት አፍሮ፣ እናቷን እምቢ ሊል አፍሮ፣ ስሙ እንዳይጠፋ አፍሮ። ጥፋቱ የኔ ነው የኔ እናት፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አላት። ቤዛ የሰማችው አይመስልም።

«እኔ እኮ እንዳታየኝ በሱቅህ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። ዞሬ ነው የምሄደው» አለች።

እመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ አባያዋን ለበሰች፣ ለልጅቷም የሷን አቀበለቻት፣ ያላ፣ እንሂድ አለች። መንገድ ላይ እናትና ልጅ ተያይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ ደመቀ ከጎናቸው ለመሄድ ፊት አጥቶ ከኋላ እያነከሰ ተከተላቸው።

ሹርጣው ዘንድ መጀመሪያ የገባው ደመቀ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ቃሉን ሰጠ፣ እየጻፉ ለምን አሉት፣ ለምን እንደሆነም ተናገረ። ቀጥሎ እናትና ልጅ አንዲት ሴት መኮንን ዘንድ ገቡ። ሰውየው እሑድ አልወጣም፣ ዛሬም አልወጣም። ቤዛ ናት የያዘችው።

ደመቀ ግን ያን ቀን የመኮንኗ ክፍል በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ስልኩ ቢኖር ቃል በቃል ይናገርላት ነበር፤ እሷ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ አያሻትም ነበር። አሁን ሁሉን በገዛ አፏ አንድ በአንድ መናገር አለባት። የእናቷ ዐረብኛ ደግሞ ከጥረጊያና ከባልዲ አያልፍም። ስለዚህ ቤዛ አንዱን ነገር በዐረብኛ ለመኮንኗ ትናገራለች፣ ዞር ብላ ያንኑ በአማርኛ ለእናቷ ትደግመዋለች። ድምጿ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ደመቀ ጆሮውን መድፈን አማረው፤ አልደፈነም።