ሰሚት ላይ ዕጣ ስናወጣ

በሥነ ልቦና ተመርቄ፣ ጫማዬ እስኪያልቅ ሥራ ፍለጋ ከዞርኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ እንጀራ የሰው በር እያንኳኩ «ትዳርዎ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ቀጣሪዬ ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ የተከራዩ፣ የትዳር ጭንቀት የሚያጠኑ ዶክተር ናቸው። ስለ ጭንቀት ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የሚታየው እርጋታ ያስቀና ነበር።

ከምንም በላይ የሚኮሩት በተሳታፊ አመራረጣቸው ነው። «ሌሎቹ ካፌ ቁጭ ብለው ያገኙትን ሰው ይጠይቁና ‹የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዲህ ያስባል› ይላሉ» እያሉ ያላግጣሉ። «እኛ ግን በዕጣ ነው። ዕጣ አያዳላም፤ ዘመድ የለውም። የወጣው ቤት ወጣ፤ መቀየር የለም!» ይህን የሚነግሩን ካፌ ቁጭ ብለን ነው።

የሰሚት ቤቶች ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ፣ በዶክተሩ ባርኔጣ ውስጥ ተደበላልቆ ወጣ። እኔም የደረሱኝን ቤቶች ይዤ በሚኒባስ ወደ ሰሚት ሄድኩ።

ችግሩ፣ ሰሚት ዕጣ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው በሌላ ትርጉም ነው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ በር ለከፈቱልኝ አንድ ሽማግሌ «ዕጣ ወጥቶልዎት ነው የመጣሁት» ስላቸው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ተመስገን! ባለ ስንት መኝታ?»

«የለም አባቴ፣ ቤት አይደለም። ጥያቄ ነው የደረስዎት።»

«ጥያቄማ» አሉ በሩን መልሰው እየገፉ፣ «ያለ ዕጣም ሞልቶኛል።»

በማግስቱ ተራው የቪላዎቹ ሆነ። አንዱን ግቢ ዘበኛው ከፈተልኝና ረጋ ያሉ ሴትዮ ሳሎን አስገቡኝ። ተቀምጬ ቀና ስል፣ ግድግዳው ላይ የእኛው ዶክተር የምረቃ ጋዋን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ደንግጬ ተነሣሁ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ባለቤትዎ አለቃዬ ናቸው። ቤታቸው መሆኑን አላወቅኩም።»

«ዕጣው ነው ያመጣሽ?»

«አዎ።»

«መቀየር አለ?»

«የለም ብለውናል።»

«የምናገረው የእኔ መሆኑ ይታወቃል?»

«ስምም የቤት ቁጥርም የለውም፤ ከሌሎቹ መልስ ጋር ይቀላቀላል።»

«እንግዲያውስ ተቀመጪ» አሉና የሳሎኑን በር ዘጉ።

ያሉኝን ዛሬም አልናገርም። ሻዩ ቀዝቅዞ እንደገና መሞቁን፣ የእኔ ጥያቄ አልቆ የእሳቸው መልስ ግን አለማለቁን ብቻ ልበል። ስወጣ እሳቸውን ቀልሏቸው ነበር፤ የከበደው እኔን ነው።

ቢሮ ገብቼ ለዶክተሩ ስነግራቸው ማኪያቶአቸውን አስቀመጡ።

«የእኔ ቤት?»

«የእርስዎ፣ ዶክተር። ዕጣው...»

«ምን አለች?»

«ሚስጥር ነው። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ተነሥተው የአጥኚ ቤተሰብ በራሱ ጥናት ውስጥ መግባት እንደሌለበት ረዘም ያለ ትምህርት ሰጡኝ። ትምህርቱ ልክ ነበር። ከዕጣው በፊት ቢሰጡን ደግሞ ይበልጥ ልክ ይሆን ነበር።

«ይሄ ቤት ይሰረዝ፤ በሌላ ይተካ» አሉ በመጨረሻ።

ለምትኩ ባርኔጣው አላስፈለገም። «ጥሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ» ብለው ስልካቸውን አነሡ። ጥሩዎቹ ባልና ሚስት እዚያው ሰሚት የሚኖሩ የዶክተሩ ሚዜና የሚዜው ባለቤት ናቸው። ለየብቻ ላናግራቸው ብል እምቢ አሉኝ። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ባልየው ለሁለቱም መለሱ፤ «ጭንቀት? እኛ ቤት?» ሚስትየዋ ምንጣፉን እያዩ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተሩ መልሱን ሲያነቡ በጣም ደስ አላቸው።

ውጤቱ ቦሌ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ቀረበ። «ተሳታፊዎቻችን አንድም ሳይቀር በዕጣ የተመረጡ ናቸው» አሉ ዶክተሩ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። ተጨበጨበ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከፊተኛው ወንበር አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ባለቤታቸው ነበሩ፤ መሰረዛቸውን ከሚዜው ቤት ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ዕጣ ወጥቶለት ከተናገረ በኋላ የተሰረዘ ሰው ካለ» አሉ ማይኩን ተቀብለው፣ «የተናገረው የት ይገባል?»

ዶክተሩ ውኃ ጠጡ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በሻይ ሰዓት እንወያይበታለን።»

በሻይ ሰዓት ዶክተሩ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ መኪና ማቆሚያው ወረዱ። ባለቤታቸው አጠገቤ መጥተው ሳምቡሳ በሶፍት ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ብይ እንጂ» አሉኝ፣ «ከስተሻል።»