አባቴ፣ አንቴናዬ እና የቆርቆሮው ጣራ

ሩጫው አራት ዙር ሲቀረው ሬዲዮው ጭጭ አለ። ጭጭ ያሰኘው ደግሞ ጣራ ላይ የወጣው አባቴ ነው።

ለጎረቤታችን ለኦቦ ገመቹ ልጅ ለጫልቱ ዛሬ የመጀመሪያ ትልቅ ውድድሯ ነበር። ሱሉልታ መብራት ስለጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ተሰብስቦ የባትሪ ሬዲዮ ያዳምጣል። አንቴናውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በእንጨት ላይ የመዳብ ሽቦ ዙሪያውን ጠምጥሜ።

ደህና ይሰማ ነበር። አባቴ ግን «ከፍ ሲል ይጠራል» ብሎ ወስዶ ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ አሰረው።

«አባዬ፣ ቆርቆሮው ሞገዱን ያጠፋዋል! ከብረት አርቀው!»

«ዝም በይ! አንቺ ሳትወለጂ አንቴና ሰቅያለሁ!»

እውነቱን ነው፤ የሰቀለው ዲሽ እስከ ዛሬ አንድ ቻናል ያመጣል፣ እሱንም ነፋስ ከፈቀደ።

ኦቦ ገመቹ መቀመጥ አቃታቸው። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የጫልቱን ሩጫ አሰሚኝ» አሉኝ።

ወጥቼ ፈታሁት። ከጣራውም ከቆርቆሮ አጥሩም ርቀን፣ ሬዲዮውን ይዘን ድንች ማሳ መሀል ገባን። አንቴናውን ኦቦ ገመቹን አሸከምኳቸው።

«ትንሽ ወደ ግራ ይዙሩ! በቃ! እንዳይተነፍሱ!»

ድምፁ መጣ። ጫልቱ ሦስተኛ ወጣች!

ሰፈሩ እልል አለ፤ አባቴም «አላልኩም?» እያለ ይጨፍራል። ኦቦ ገመቹ ግን አንቴናውን እንደያዙ ንቅንቅ አላሉም።

«አልቋል እኮ፣ ያውርዱት» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ስሟን ይደግሙት ይሆናል» አሉኝ።

እናንተ ቤት ያሉት «ሳትወለጂ» ባይ ኢንጅነሮችስ ምን ሰቅለው ምን አጠፉ? ጻፉልኝ፤ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።