ጉልበት መሳም የተከለከለው ሚዜ

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። ኡጋንዳዊቷ ፊዚዮቴራፒስት፣ ቅዳሜ የሚያገባው ጓደኛዬ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙት አክስቱ፣ አራተኛው ደግሞ ጠማማው ሚዜ፣ እኔ። ቦታው የኡጋንዳ ዋና ከተማ ውስጥ፣ ንቲንዳ የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ ነው፤ የኮሮና ጊዜ ስለነበር ሁላችንም ማስክ አድርገናል።

እዚያው ከተማ፣ ኪሰንዪ ሰፈር በምሠራበት ሱቅ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሳነሳ ነው ወገቤ ቀጭ ያለው። ከዚያ በኋላ ትከሻዬ ወደ ግራ፣ ዳሌዬ ወደ ቀኝ ሄደ። ሦስት ቀን በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ራሴን አከምኩ። ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ መስታወት ፊት ስለካው ጥመቴ አራት ሴንቲ ሜትር ነበር። ከሕክምናዬ በኋላ አምስት ሆነ። ልኬቱ ላይ ስህተት የለም።

የሰርገኛው ቁጥር ስለተገደበ ጓደኛዬ የያዘው አንድ ሚዜ ብቻ ነው። ቀጥ ብዬ ካልቆምኩ ሌላ የለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ በግራዬ ቆማ ትከሻዋን ጎኔ ላይ አስደገፈች፤ በሁለት እጇ ዳሌዬን አቅፋ ቀስ እያለች ወደ ራሷ ሳበችው።

አክስቲቱ ወደ ጓደኛዬ ዞረው፣ "ሙሽራው አንተ ነህ ወይስ እሱ?" አሉት።

እኔ ጣሪያው ላይ ያሉትን ብሎኖች ቆጠርኩ። አሥራ አራት ናቸው።

ከብዙ መሳብ በኋላ ዳሌዬ ወደ ቦታው ተመለሰ። "አሁን ወደ ፊት ማጎንበስ የለም" አለች። ጓደኛዬ ሊተረጉም አፉን ሳይከፍት አክስቲቱ፣ "እሰይ፣ እደግ የኔ ልጅ" ብለው ተነሱ።

እደግ ተብሎ ተገትሮ የሚቀር ልጅ እናቴ አላሳደገችም። ወደ ጉልበታቸው ወረድኩ። እዚያው ቀረሁ።

"ይበቃል፣ ተነሳ" አሉኝ።

እኔም መነሳቱን አልጠላሁትም ነበር።

ጓደኛዬ ልማዳችንን ሲያስረዳት ፊዚዮቴራፒስቷ፣ "ቅዳሜ ስንት ጉልበት አለ?" አለችው።

በጣቱ ቆጥሮ፣ "ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ አሥራ ስምንት" አለ።

ሕክምናውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። አክስቲቱ ነገሩ ሲተረጎምላቸው፣ "አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ቁም። ኮሮና ፈርቶ ነው እላቸዋለሁ" አሉኝ።

ቅዳሜ ሙሽራው ጉልበት ሲስም እኔ ከጎኑ እንደ ስልክ እንጨት ቆምኩ። ወሬው ያልደረሳቸው አንድ አዛውንት፣ "ይሄ ኩራተኛ የማን ልጅ ነው?" ሲሉ ሰማሁ። ቀና እንዳልኩ አለፍኳቸው፤ ጓደኛዬም ሚዜ አላጣም።

ጓደኛዬ ያን ቀን ክሊኒኩ ውስጥ አክስቱ ጉልበት ላይ ስቀር ጮኸሃል ይለኛል። እኔ የማስታውሰው መተንፈሴን ነው። እዚያ የነበራችሁ ሦስታችሁ የጎደለውን ጨምሩበት፤ የብሎኖቹን ቁጥር ግን አትንኩ።